የሙያ ገጼን ከወሬ ጋጋታ እንዴት ላጥራው?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ። በውኃ ሀብት ዘርፍ የምሠራ ባለሙያ ስሆን፣ ሊንክድኢንና ፌስቡክን የምጠቀመው በዋናነት ስለ እምቦጭ፣ ስለ ዓሣ ሀብትና ስለ ጣና የውኃ መጠን የሚወጡ ጥናቶችን እንዲሁም የሥልጠና ዕድሎችን ለመከታተል ነው። ይሁን እንጂ ገጼን የሞላው የምረቃ ፎቶ፣ የ«እንኳን ደስ አለህ» ልውውጥና ስኬታማ ሰዎች በማለዳ ምን እንደሚያደርጉ የሚተነትን ጽሑፍ ነው። በቅርቡ ለእኔ የሚሆን የአጭር ጊዜ ሥልጠና ማስታወቂያ የደረሰኝ የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ነበር። ደግሞም ገጼን ከሚያጨናንቁት መካከል የቀድሞ አለቃዬና አበልጄ ይገኙበታል፤ ከዝርዝሬ ባወጣቸው መቀያየማችን አይቀርም፣ ባሕር ዳር ደግሞ ሰው ከሰው የሚሰወርባት ከተማ አይደለችም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አንድ መምህር
ውድ ጠያቂ፣ አለቃዎንም አበልጅዎንም ማስቀየም አያስፈልግዎትም። በሊንክድኢን ከሰው ጋር መገናኘትና ሰውን መከተል የተለያዩ ናቸው፤ የአንድን ሰው ጥያቄ ሲቀበሉ ወዲያውኑ ተከታዩም ስለሚሆኑ ነው አንድ የሚመስሉት። በልጥፉ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው መከተልዎን ቢያቆሙ ግንኙነቱ እንዳለ ይቆያል፣ መልእክት መለዋወጥም ይችላሉ፣ ለሰውየውም ምንም ማሳወቂያ አይደርሰውም። ፌስቡክም እንዲሁ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የራስን ንባብ መግራት ነው። የሊንክድኢን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስረዱት፣ የልጥፎች ቅደም ተከተል የሚወሰነው በወደድናቸውና አስተያየት በሰጠንባቸው ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ላይ በቆየንበት ጊዜ ጭምር ነው። ስለዚህ እየተበሳጩም ቢሆን እስከ መጨረሻው ያነበቡት የማለዳ ልማድ ትንታኔ ቢጤዎቹን ጠርቶ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሲያዩ ዝም ብለው ይለፉት፤ ሲደጋገም ደግሞ እንደማይፈልጉት በዚያው በሦስቱ ነጥቦች በኩል ያሳውቁ።

መልስ፦ በዓሣ ምርምር ላይ ያለሁ
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ማጽዳት ብቻውን ባዶ ገጽ ነው የሚተወው። እኔ የምከተላቸውን ሰዎች የመረጥኩት ሥራዬን ከጠቀሙኝ ጥናቶች ነው፤ የአዘጋጆቹን ስም አንድ በአንድ ፈልጌ ተከተልኩ፣ ከዚያም እነሱ ከማን ጋር ቁም ነገር እንደሚከራከሩ አየሁ። ስለ እምቦጭ ከሆነ ከጣና ውጭም ይመልከቱ። በቪክቶሪያ ሐይቅ አረሙ የታየው ከእኛ ሃያ ዓመት ገደማ ቀድሞ ስለሆነ፣ በኬንያዋ ኪሱሙና በኡጋንዳ ያሉ ተመራማሪዎች አረሙን በሚበሉ ጢንዚዛዎች ስለ መቆጣጠር ብዙ የሚሉት አላቸው። ሴንቲኔል 2 የተባሉትን ሳተላይቶች ምስል የሚተነትኑ ባለሙያዎችንም እንዲጨምሩ እመክራለሁ፤ 10 ሜትር ድረስ ለይቶ በሚያሳየው በዚህ ምስል የአረሙን ስፋት ሲለኩ ዘዴያቸውን ጭምር ይጽፋሉ። ፍለጋውን በሳይንሳዊ ስሙ ቢያደርጉ አረሙን ለጌጥ የሚሸጡ አበባ ሻጮች አይመጡብዎትም። ተቋማትን በተመለከተ ጥቂት ይበቃሉ፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲንና መቀመጫው ኢንቴቤ የሆነውን የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭን የመሳሰሉትን ማለቴ ነው።

መልስ፦ ከጎርጎራ
ይቅርታ፣ እኔ በዚህ ማጥራት ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እምቦጭ በብዛት የሚያስቸግረው የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ማለትም ደንቢያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን ሲሆን፣ ነፋስ ወዴት እንደገፋው አስቀድሞ የሚናገረው ተመራማሪው ሳይሆን ባለ ጀልባው ነው። የሞተሩ መዘውር በአረም ተተብትቦ፣ ረጃጅም ጥቋቁር ሥሮቹ እንደ ጭራ ተንጠልጥለው የሚያሳይ ፎቶ ያየሁት ከሠርግና ከክርስትና ፎቶዎች መካከል ነው። ያንን ጫጫታ ያጠፋ ባለሙያ ስለ ጣና የሚሰማው ከውጭ ሆኗል ማለት ነው። እኔ ሊንክድኢንን ለሙያው ብቻ ትቼ፣ የአካባቢውን ወሬ ወደ ቴሌግራም ወስጄዋለሁ። እዚያ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቻናሎችንና ቡድኖችን በፎልደር መለየት ስለሚቻል፣ የዓሣ አስጋሪዎቹን ቡድን በአንዱ፣ የዘመድ አዝማዱን በሌላው አስቀምጬ እያንዳንዱን በራሱ ጊዜ እከፍተዋለሁ። በፌስቡክ ላይ መቅረት የሌለባቸውን ደግሞ ከተወዳጆች ዝርዝር ያስገቧቸው፤ እስከ 30 ይይዛል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የባለ ጀልባዎቹን ነገር አላሰብኩበትም ነበር። የሚቀረኝ የማመልከቻ ቀን ጉዳይ ነው፤ ገጼ ቢጠራም ማስታወቂያው ዘግይቶ ቢመጣ ምን አደርጋለሁ?

መልስ፦ አንድ መምህር
ሊንክድኢን ልጥፎችን በጊዜ ቅደም ተከተል አይደረድርም፤ የሁለት ሳምንት ልጥፍ ዛሬ ቢያመጣልዎ አይግረምዎት። በቅንብሩ ውስጥ የቅርቡን የማስቀደም ምርጫ ስላለ እሱን ይለውጡ፣ ሥልጠና በሚያወጡት ሰዎች ገጽ ላይ ያለችውን የደወል ምልክትም ይንኩ። ቀነ ገደብ ላለው ነገር ግን በፊድ አይተማመኑ፤ ተቋሙ በኢሜይል የሚልከው መጽሔት ካለ በእሱ ይመዝገቡ፣ ቀኑንም በስልክዎ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይያዙት።