የስቶሩ ስልኮች የኮምፒውተር አይፒ ይወስዳሉ፤ ቪላን 20 የት ነው የሚጠፋው?

የገላኑ አይቲ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ገላን ባለ አንድ የካርቶን ፋብሪካ ኔትወርኩን የምይዘው እኔ ነኝ። ሁለት ሕንፃ አለን። ቢሮው አስፋልቱ ዳር ነው። ስቶሩና ሚዛን ቤቱ ከግቢው ጀርባ ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኘው ፋይበር ነው።

ዲኤችሲፒ (ለየመሣሪያው አይፒ አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) የሚሰጠው ሚክሮቲክ ራውተር ነው። በአንድ ገመድ ላይ የሚሄዱ፣ ግን እርስ በርስ የተለያዩ ሁለት ኔትወርኮች (ቪላኖች) አሉን። ኮምፒውተሮች ቪላን 10 ላይ ናቸው፣ 192.168.10.0/24። ስልኮች ቪላን 20 ላይ፣ 192.168.20.0/24። የስልክ ሰርቨሩም ቪላን 20 ውስጥ ነው፤ ከቪላን 10 ወደ እሱ መግባት በፋየርዎል ተዘግቷል። የቢሮው ስዊች ሲስኮ 2960 ነው። የስቶሩ ሌላ ብራንድ ነው፤ ርካሽ ነው ግን ቪላን ያውቃል። ስልኮቹ ሁሉም ዬሊንክ ናቸው።

ቢሮ ውስጥ ምንም ችግር የለም። ስልኩን ትሰካለህ፣ 192.168.20 ምናምን ይወስዳል፣ ይደውላል። ያንኑ ስልክ ስቶር ወስጄ ስሰካው 192.168.10 ምናምን ይወስድና የስልክ ሰርቨሩ ላይ ሬጅስተር አያደርግም (አይመዘገብም)። በእጄ ቪላን 20 ብዬ ስሞላበት ደግሞ ጭራሽ አይፒ አያገኝም።

ለምን እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ሚዛን ቤት ያለችው ልጅ ሽያጭ ክፍል ደውላ ማረጋገጥ አለባት። አሁን የምትደውለው በግል ሞባይሏ፣ በራሷ ካርድ ነው። ይሄ ልክ አይደለም። ዝርጋታውን የሠሩት ሰዎች አስረክበው ሄደዋል፤ የተጻፈ ነገርም አልተዉም። ከየት ልጀምር? ከዲኤችሲፒው ወይስ ከቪላኑ?

ቃሊቲ ኬብል፦

መጀመሪያ ሁለቱን ለይ። ላፕቶፕ ይዘህ ስቶር ሂድ። ስዊቹ ላይ አንድ ፖርት ቪላን 20 አንታግድ (ያለ ቪላን ምልክት የሚያልፍ) አድርግ፣ ፒቪአይዱንም (ምልክት የሌለው ነገር የሚገባበትን ቪላን) 20። ላፕቶፑ ላይ ማንም ያልያዘውን አይፒ በእጅህ ሙላ፣ ለምሳሌ 192.168.20.250። ከዚያ ጌትዌዩን (ራውተሩ በቪላን 20 ያለውን አድራሻ) ፒንግ አድርግ።

ከመለሰ መንገዱ ደህና ነው፤ ዲኤችሲፒውን እናያለን። ካልመለሰ ዲኤችሲፒውን እንዳትነካው። ስልኩ አይፒ የሚጠይቀው በብሮድካስት (ለሁሉም በሚላክ ጥሪ) ነው፤ ብሮድካስት ደግሞ ከቪላኑ አይወጣም። ቪላን 20 መሃል ላይ ከተቆረጠ ጥያቄው ራውተሩ ጋ አይደርስም። ያን ጊዜ ሲስኮው ላይ «ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ» በልና (ትራንክ ብዙ ቪላን የሚያሳልፍ ፖርት ነው) ወደ ስቶር በሚሄደው ፖርት የተፈቀዱትን ቪላኖች ንገረን።

የገላኑ አይቲ፦

ፒንጉ አልመለሰም። ትራንኩ ላይ የተፈቀዱት 1 እና 10 ብቻ ናቸው፤ 20 የለም! «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 20» ብዬ ላስገባው?

ቃሊቲ ኬብል፦

ቆይ፣ እንደዚያ እንዳትጽፈው! «አድ» የምትለዋ ቃል ከሌለች የነበረውን ዝርዝር ሰርዞ 20ን ብቻ ያስቀምጣል። የስቶሩ ኮምፒውተሮች በሙሉ ይቋረጣሉ። የስቶሩ ስዊች ማኔጅመንት (ገብተህ የምታስተካክልበት አድራሻ) 10 ላይ ከሆነ ደግሞ ከቢሮ ሆነህ ልትገባበት አትችልም። ትክክሉ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን አድ 20» ነው።

በስቶር በኩልም የፋይበሩ ፖርት ላይ 20ን ታግድ (ከቪላን ምልክቱ ጋር የሚያልፍ) አድርገው። ሁለቱ ጫፎች ካልተስማሙ ዋጋ የለውም። ሲሠራ ሁለቱንም ስዊች ሴቭ አድርግ፤ አለበለዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ወደ ድሮው ይመለሳል።

የገላኑ አይቲ፦

ሠራ! ቪላን 20 በእጄ የሞላሁበት የሚዛን ቤቱ ስልክ ወዲያው አይፒ አገኘ። ልጅቷ ሽያጭ ክፍል ደወለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ።

ሌሎቹ ስልኮች ግን አሁንም 10 ላይ ናቸው። በየስልኩ መሙላት አልፈልግም፤ አንዱ ሪሴት ሲደረግ ይጠፋል። ቢሮ ውስጥስ ለስልኮቹ ቪላን 20 የሚነግራቸው ማን ነው?

ሰበታ ቮይፕ፦

ቢሮ ውስጥ የሚነግራቸው ስዊቹ ራሱ ነው። ፖርቶቹን ብታይ «ስዊችፖርት ቮይስ ቪላን 20» የሚል ታገኛለህ። ሲስኮው ያንን በሲዲፒ ወይም በኤልኤልዲፒ (መሣሪያዎች ከጎረቤታቸው ጋር በሚተዋወቁባቸው ፕሮቶኮሎች) ለስልኩ ያሳውቃል። ይሄ ንግግር ግን በቀጥታ ከተሰካው ጎረቤት ጋር ብቻ ነው፤ ከቢሮ ተነስቶ ስቶር አይደርስም። የስቶሩ ስዊች ሜኑ ውስጥ ኤልኤልዲፒ-ሜድ (ለስልክ የሚሆነው የኤልኤልዲፒ ቅጥያ) ካለ እዚያ ቪላን 20ን ስጠው። ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው፤ ስልኩ ገና ከመነሻው ትክክለኛው ቪላን ውስጥ ይገባል።

ከሌለው የዲኤችሲፒ ኦፕሽን (ከአይፒው ጋር የሚላክ ተጨማሪ መረጃ) 132 አለልህ። ዬሊንክ ማንም ሳይነካው እሱን ይፈልጋል። ልብ በል፣ 132 የሚቀመጠው በቪላን 10 ኔትወርክ ላይ ነው። ስልኩ ሲነሳ 20 የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። ያለ ታግ ይጠይቃል፣ ስለዚህ 10 ላይ ያርፋል። እዚያ ከሚሰጠው አይፒ ጋር «132፦ 20» የሚል ያገኛል። የያዘውን አይፒ ይለቅና በቪላን 20 ታግ እንደገና ይጠይቃል። ኦፕሽኑን 20 ላይ ብቻ ማድረግ የቤቱን አድራሻ ጽፎ ቤቱ ውስጥ መቆለፍ ነው።

ሚክሮቲክ ላይ ኦፕሽኑን መፍጠር ብቻ አይበቃም። ዲኤችሲፒ ሰርቨር ውስጥ ኔትወርክስ ግባ፣ 192.168.10.0/24ን ክፈትና ኦፕሽኑን እዚያ ምረጠው። ዋጋውን ስትሞላ 20ን በነጠላ ጥቅስ ውስጥ አድርግ፤ የሚሄደው እንደ ጽሑፍ ነው። ስልክ የሚሰካባቸው ፖርቶች ደግሞ 10 አንታግድ፣ 20 ታግድ ይሁኑ። ከስልኩ ጀርባ የሚሰካው ኮምፒውተር በ10 ያልፋል።

ሱሉልታ 07፦

መብራት የተነሳ አይቀር፣ አንድ ልጨምር። መብራት ሲመለስ ስልኩም ስዊቹም አብረው ነው የሚነሱት። የድሮው ስፓኒንግ ትሪ (በስዊቾች መሃል ዙር እንዳይፈጠር የሚጠብቀው) ፖርቱን 30 ሰከንድ ያህል ይይዘዋል፤ 15 ሲያዳምጥ፣ 15 ሲማር። ስልኩ በዚያ መሃል ጠይቆ መልስ ሊያጣ ይችላል። የስልክ ፖርቶች ላይ ፖርትፋስት (ያንን ጥበቃ የሚያስቀረውን) ክፈት፤ ሌሎች ብራንዶች ኤጅ ፖርት ይሉታል። ሁለቱን ስዊች በሚያገናኘው የፋይበር ፖርት ላይ ግን በፍጹም።

የገላኑ አይቲ፦

የስቶሩ ስዊች ኤልኤልዲፒ-ሜድ የለውም። 132ን በ10 ላይ አደረግኩ፤ ስልኮቹ አንድ በአንድ ወደ 20 ገቡ። የቀረው የጀርባው በር ጥበቃ ቤት ስልክ ነው። እሱ 192.168.1.104 ይላል። እንደዚህ የሚል ኔትወርክ እኛ የለንም።

ሰበታ ቮይፕ፦

አንድ ሰው የቤት ዋይፋይ ራውተር አምጥቶ በላን ፖርቱ ሰክቷል። 192.168.1 የብዙዎቹ ነባሪ ነው። አሁን ቪላን 10 ላይ ሁለት ዲኤችሲፒ ሰርቨር አለህ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰው ያሸንፋል። ዛሬ የጥበቃው ስልክ ነው፣ ነገ የሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር ይሆናል። ጥበቃ ቤት ላፕቶፕ ሰክተህ «አይፒኮንፊግ ኦል» በል፤ የዲኤችሲፒ ሰርቨሩን አድራሻ ያሳይሃል። የዚያን ሰርቨር ማክ አድራሻ (የመሣሪያውን መለያ ቁጥር) ከስዊቹ ማክ ቴብል ጋር አስተያይ፣ ፖርቱን ታገኘዋለህ። የሰካውን ሰው አትቆጣው፤ ኢንተርኔት ፈልጎ ነው። በሕጋዊ መንገድ አክሰስ ፖይንት አስገባለት።

ከዚያ በሲስኮው ላይ ለ10 እና ለ20 ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ (ካልታመነ ፖርት የሚመጣን የዲኤችሲፒ ሰርቨር መልስ የሚያግደውን) ክፈት። ከመክፈትህ በፊት ወደ ሚክሮቲኩ የሚሄደውን ፖርት ትረስት (የታመነ) አድርግ፤ አለበለዚያ የራስህን ራውተር ነው የምትዘጋው። የፋይበሩን ፖርት ትረስት አታድርገው። ከስቶር በኩል የሚመጣ ባዕድ ሰርቨር ቢሮ እንዳይገባ የሚያግደው ትረስት አለመደረጉ ነው።