መኪናህ ላይ ያስገጠምከው ዕቃ ኢንሹራንሱ ውስጥ አለ? የደሴና አካባቢዋ ጥቆማ

ጥያቄ፦ «ሃይሉክሴ ላይ ካኖፒ (የኋላ ጭነት ክዳን)፣ የፊት ብረት መከላከያና የጣሪያ መብራት አስገጥሜያለሁ። ደሴ ላይ ይህን ሁሉ የሚሸፍን ኢንሹራንስ የቱ ነው?»

ወንድሜ፣ መልሴ ትንሽ ይረዝማል። ከኪሴ ከፍዬ የተማርኩት ስለሆነ ቻለኝ።

አምና ክረምት ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ጉም ነበር። የቆመውን አይሱዙ ያየሁት ቂጡ ስር ከደረስኩ በኋላ ነው። ሰው አልተጎዳም፣ አልሀምዱሊላህ። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ሦስት ጋራዥ ዞሬ ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። የኢንሹራንሱ ገማች ወረቀቱን ተቀብሎ በቀይ እስክሪብቶ ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ኮፈን፣ እሺ። ፓራፋንጎ፣ እሺ። ራዲያተር፣ እሺ። ብረት መከላከያው ጋ ሲደርስ ሰረዘው። የጣሪያ መብራቱንም ሰረዘው። «እነዚህ ከፋብሪካ አብረው አልመጡም፤ ፖሊሲህ ላይም የሉም» አለኝ። ተናደድኩ። ግን ሰውየው ልክ ነበር። ፖሊሲውን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉን፣ ያነበብኩት ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ዕለት ማታ ነው።

በዓመቱ ለእድሳት ደሴ ውስጥ ሦስት ቢሮ ዞርኩ። አንደኛው አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው) ርካሽ ነበር፤ ስለ ተጨማሪ ዕቃዎቹ ስጠይቀው «አብሽር፣ ሁሉም ተካቷል» አለኝ። የት ተጻፈ? የትም። ሁለተኛው ደረሰኝ ጠየቀኝ፣ ግቢው ድረስ ወርዶ መኪናውን በአራቱም ጎን ፎቶ አነሳ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ በስምና በዋጋ ፖሊሲው ላይ አሰፈረ። አረቦኑ ከፍ አለ፣ ግን ያን ያህል አይደለም። ሦስተኛው መኪናውን በስፔሰር ከፍ አስደርጌ እንደሆነ ጠየቀኝና «ያንን ካደረግህ ዋናው ቢሮ ሳይፈቅድ አልቀበልም» አለ። እሱም አልተሳሳተም። ከፍ ያለ መኪና በቀላሉ ይገለበጣል፣ ፍሬኑም እንደ ድሮው አይይዝም።

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ስሙን አልጠራም፤ የአንድ ድርጅት ሁለት ቅርንጫፍ እንኳ አንድ አይደለም፣ ወሳኙ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ነው። የመንግሥቱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከ1968 ጀምሮ አለ፤ እነ አዋሽ፣ ኒያላና ናይል ደግሞ ኢንሹራንስን ለግል ድርጅቶች ከከፈተው የ1986ቱ አዋጅ በኋላ የመጡ ናቸው። የትኛውም ጋ ብትሄድ አንድ ነገር ጠይቅ፦ «ዕቃዎቼን በስማቸው ትጽፉልኛላችሁ?» ካቅማሙ ሌላ በር አንኳኳ። ሦስተኛ ወገን ብቻ ካለህ ግን አትድከም። እሱ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው የሌላውን ሰው ጉዳት ሊከፍል ነው፤ ያንተን ካኖፒ አያውቀውም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ ተሰቅሏል። ፖሊሲህ ላይ ያለው ግን የድሮው ዋጋ ነው። መኪናህ ከነዕቃው 3 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል፤ አንተ በ2 ሚሊዮን 400 ሺህ አስመዝግበሃል። ያስመዘገብከው የዋጋውን 80 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ የ500 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ ድርጅቱ 80 በመቶውን፣ 400 ሺህ ያሰላልህና ከዚያ ላይ ደግሞ ኤክሰሱን (ከእያንዳንዱ ጉዳት አንተ የምትችለውን ድርሻ) ይቀንሳል። ቀሪውን ራስህ ቻለው። ስለዚህ በየእድሳቱ ዋጋውን አስተካክል።

ስፖኪዮ፣ ቴፕና ቸርኬ ሌላ ታሪክ ናቸው። መኪናው ሳይሰረቅ ዕቃው ብቻ ከተነቀለ ብዙ ፖሊሲ አይከፍልም፤ ለብቻው አስጨምረው። ቀለም ወይም ሞተር ከቀየርክ ደግሞ መጀመሪያ ሊብሬው ላይ አስመዝግብ። ደረሰኝ የማይሰጥ ጋራዥ አስር ሺህ ቢቀንስልህም አትግባ፣ ካሳ ስትጠይቅ በምን ታሳያለህ?

ደሴና ኮምቦልቻ 2014 ላይ ያየነውን አይተናል። መደበኛው ፖሊሲ ጦርነትና ሁከትን አይሸፍንም። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚባለው ሽፋን ለብቻው ይገዛል። እሱንም ስትገዛ «ጦርነት» የሚለው ከሽፋኑ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፣ እያንዳንዱን መስመር አንብብ።

ሌላ ጥያቄ፦ «ፒክአፔ ኮድ 2 ነው፤ ከሀይቅ ሽንኩርት ስለምጭን ተጨማሪ ባልስትራ (ጭነት የሚሸከም ሞላ) አስገባሁ። ይህንንም ላስመዝግብ?»

ባልስትራው ትንሹ ችግር ነው። የራስህ ሽንኩርት ከሆነ ንገራቸውና ይጻፉት። የሰው ዕቃ በክፍያ የምትጭን ከሆነ ግን ኮድ 2 ሰሌዳ ለዚያ አይደለም። አደጋ ቢደርስ ገማቹ መጀመሪያ የሚያየው ሰሌዳህን ነው፣ ቀጥሎ ጭነቱን። የንግዱን ኮድ 3 አውጣ፣ አረቦኑም በዚያው ይሰላ።

የእኔ ብረት መከላከያ አሁን ፖሊሲው ሁለተኛ ገጽ ላይ ከነዋጋው አለ። የጣሪያ መብራቱን ግን መልሼ አላስገጠምኩትም። ሐረጎ ጉም ውስጥ ሲበራ ፊትህ ላይ ነጭ ግድግዳ ነው የሚያቆመው።