ጃቫ ላይ ብዙ ትሬዶች ለሚጋሩት ወረፋ የትኛው ኪው ይሻላል?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጃቫ ፕሮግራሜ ውስጥ አንድ ትሬድ (ጎን ለጎን ከሚሄዱት የፕሮግራሙ ሥራዎች አንዱ) ከኔትወርክ መልእክት ይቀበላል፤ አራት ትሬዶች ደግሞ ከኪው (ከመልእክቱ ወረፋ) እያነሱ ዳታቤዝ ላይ ይጽፋሉ። የተጠቀምኩት ኮንከረንት ሊንክድ ኪው ነው። ዳታው አይበላሽም። ግን መልእክት በሌለበት ሰዓት እንኳ ሲፒዩው ጣራ ይነካል፤ አራቱም በሉፕ «ፖል» (ካለ አንድ አውጣ) እያሉ ይዞራሉ። ስሊፕ ስጨምርበት ሲፒዩው ረገብ አለ፣ መልእክቱ ግን ይዘገያል። ምን ላድርግ?

የሌሊት ፈረቃ፦ ኪውው ጥፋት የለበትም፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም እንጂ። እሱ ማንንም አያስጠብቅም፤ ባዶ ከሆነ «ፖል» ወዲያው ናል (ምንም የለም) ብሎ ይመልሳል። ያንተ ሥራ ብሎኪንግ ኪው ይፈልጋል። «ቴክ» ስትለው መልእክት እስኪመጣ ትሬዱ ይተኛል፣ ሲፒዩም አይበላም። ሊንክድ ብሎኪንግ ኪው አድርገውና ስሊፑን አጥፋው።

ሎግ አንባቢ፦ ልክ ነው፣ ግን ቆይ። መጠን ሳትሰጠው ከፈጠርከው ጣሪያው 2,147,483,647 ነው። ገደብ የለውም በለው። ዳታቤዙ ከተንቀራፈፈ መልእክቱ ይከመርና ሜሞሪ ያልቃል። እኔ ብሆን በአሬይ ብሎኪንግ ኪው እጀምራለሁ፣ መጠኑን ለምሳሌ 1000 አድርጌ። ሲሞላ «ፑት» (ማስገቢያው ትእዛዝ) ቦታ እስኪገኝ ተቀባዩን ትሬድ ያስቆመዋል። ያለ ገደብ እንዲቆም ካልፈለግህ ሌላውን ማስገቢያ «ኦፈር»ን ከጊዜ ገደብ ጋር ተጠቀም። ጊዜው እስኪያልቅ ቦታ ካጣ ፎልስ (አልገባም) ብሎ ይመልሳል። ያኔ መልእክቱን ትጥለዋለህ ወይስ ፋይል ላይ ታቆየዋለህ? እሱን አንተ ነህ የምታውቀው። በነገራችን ላይ ኒው ፊክስድ ትሬድ ፑልም (ቁጥራቸው የተወሰነ ትሬዶችን የሚያዘጋጅልህ የጃቫ ዘዴ) ውስጡ ያለው ያው ገደብ የሌለው ኪው ነው። ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ቆጣቢው፦ አሬዩ እኮ ለማስገቢያም ለማውጫም ያለው አንድ ሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያሳልፍ ቁልፍ) ነው። ሊንክዱ ለየብቻ ሁለት አለው። አይፈጥንም?

ሎግ አንባቢ፦ ሊፈጥን ይችላል። ግን ዳታቤዝ የሚጽፍ ሰው ስለ ሎክ ምን አስጨነቀው? አንዱ ጽሑፍ ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ሎኩ ከዚያ አንጻር ኢምንት ነው። ሊንክዱን ከመረጥክም መጠን ስጠው፣ በቃ።

ጀማሪው፦ ቀየርኩት፣ ሲፒዩው ዝም አለ! እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ግን ፕሮግራሙን ልዝጋ ስል «ቴክ» ላይ የተኙት አይነሱም።

የሌሊት ፈረቃ፦ ተቀባዩ ሥራውን ሲጨርስ «አቁም» የሚል ልዩ መልእክት በ«ፑት» ያስገባ። አራት ሠራተኛ ካለህ አራት ጊዜ፤ አንድ ብቻ ካስገባህ አንዱ ወስዶት ይወጣል፣ ሦስቱ እንደተኙ ይቀራሉ። ቀድሞ የገባው መልእክት ተጽፎ ያልቃል። ቶሎ መዝጋት ከፈለግህ ደግሞ ትሬዶቹን ኢንተራፕት አድርግ (ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ምልክት ላክ)፤ ያኔ የሚመጣውን ኤክሴፕሽን (የስህተት ማሳወቂያ) ካች ውስጥ (በሚያዝበት ቦታ) ውጠህ ሉፑን እንዳታስቀጥለው ብቻ።