ነገ ግንበኛ ይመጣል፤ የመዋዕለ ሕፃናቱን መስኮት በየት በኩል ላስከፍት?

አስተማሪዋ፦ እናንተዬ ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት ግንበኛ ይመጣል። ክፍላችን ጨለማ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ አምፖል እናበራለን። መብራት ከጠፋማ ልጆቹን ይዤ ደጅ ነው። ትናንት የበልጉ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግማሾቹ ጆሯቸውን ይዘው አለቀሱ፤ እኔም ስጮህ ድምፄ ተዘጋ። ባለቤቱ "መስኮቱ ከፍ ይበል፣ ልጆቹ ውጭ ውጭ እያዩ እንዳይዘናጉ" ይላል። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ መስኮት ነው። የትኛው ግድግዳ ይሻላል? ቶሎ በሉ!

ጦሳ ስር፦ ኮርኒስ አስገቡ።

ግንበኛው፦ የነገው ባልሆንም ግንበኛ ነኝ። ደሴ ነሽ ኮምቦልቻ? ብሎኬት ነው ጭቃ? በሩ ወዴት ያያል?

መምህር ነበርኩ፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፍሮቤል የተባለው ጀርመናዊ በ1837 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ኋላ "ኪንደርጋርተን" አለው። የልጆች አትክልት ቦታ ማለት ነው። ልጆቹ መሬት ቆፍረው ይተክሉ ነበር። ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ ፉጂ የሚባል መዋዕለ ሕፃናት አለ፤ ክብ ጣሪያውን ዛፎች ሰንጥቀውት ወጥተዋል፣ ልጆቹም እዚያው ጣሪያ ላይ ይሯሯጣሉ። እንግዲህ እኛ...

ቦርከና፦ ጋሼ፣ ግንበኛው የሚመጣው ነገ ነው። ጀርመንና ጃፓን ደርሰን እስክንመለስ ይመሽብናል።

የድሮ ተማሪ፦ ባለቤቱ ልክ ነው። እኛ ዋርካ ስር ነው ፊደል የቆጠርነው። መስኮት ማን አየ?

የሐይቅ ልጅ፦ ዋርካ ስር ከሆነማ ብርሃኑም ነፋሱም ወፉም ነበረልህ። መስኮት ምን ያደርግልሃል?

አስተማሪዋ፦ ይቅርታ፣ ደሴ ነው። ብሎኬት። በሩ ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው። ከኋላ በምሥራቅ መንገድ አለ፣ በደቡብ የጎረቤት ግንብ። በሰሜን ሳር ያለበት ትንሽ ግቢና የቅንጭብ አጥር ነው ያለው።

ግንበኛው፦ አብሽሪ። ሰሜኑን ክፈቱ። በጠዋትና በማታ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት ዓይን ላይ ትመጣለች። በሰሜን ግን ብርሃኑ ለስለስ ያለ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ያኔም ከፍ ስለምትል ትንሽ የቆርቆሮ ክፈፍ ይበቃታል። ኮምቦልቻ ብትሆኚ ስለ ሙቀቱ ሌላ ነገር እልሽ ነበር።

ቁመቱን በተመለከተ ባለቤቱንም አንቺንም ላስታርቃችሁ። የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 50 ሳንቲ ይሁን፤ ልጁ ቁጭ ብሎ ሳሩን ይይ። አናቱ እስከተቻለ ድረስ ከፍ ይበል፤ ብርሃንን ወደ ክፍሉ ጥግ የሚገፋው እሱ ነው። ሊንቴል (ከመስኮቱ በላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከም ድጋፍ) ሳይኖር ግድግዳ እንዳይሰበር! ከማዕዘኑም ራቁ። የፍርግርጉ ብረት ከ10 ሳንቲ በላይ አይራራቅ፣ ጭንቅላት እንዳያስገቡ።

ጦሳ ስር፦ ኮርኒስ አልኩ እኮ።

ቦርከና፦ የእንቁላል ካርቶን ጣሪያው ላይ ለጥፉበት፣ ድምፅ ይውጣል።

ግንበኛው፦ የዝናቡን ድምፅ አያስቆምም፤ እሳት ከነካው ደግሞ እንደ ጭድ ነው የሚነደው። ለዝናቡስ ጦሳ ስር እውነቱን ነው፣ ቺፑድ ኮርኒስ ይቀንሰዋል። ለክፍሉ ማስተጋባት ግድግዳው ላይ ባና ስቀሉ። ልጆቹም በእጃቸው ይዳብሱታል።

የሐይቅ ልጅ፦ ሁላችሁም አጥሩን ዘለላችሁት! የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ እኮ ያሳውራል። ልጆቹ በመስኮት አይተው ወደዚያ ነው የሚሮጡት። መጀመሪያ እሱ ይነሳ። የሚነቅለው ሰው ዓይኑን ይሸፍን፣ ጓንትም ያድርግ። በቦታው አሪቲ፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳር ትከሉ፤ ቀጥፈው ያሽትቱ። ጤና አዳም ግን አይሁን፣ ፀሐይ ላይ ቆዳ ያቃጥላል።

የድሮ ተማሪ፦ ለአጥሩ እንኳ እስማማለሁ።

አስተማሪዋ፦ ወይ ጉዴ፣ ትናንት አንዷ ልጅ ቅንጭቡን እየሰበረች ነጭ "ወተት" ለአሻንጉሊቷ ስታጠጣ ነበር። አሁኑኑ ለባለቤቱ ልደውል።

ቦርከና፦ ሳምንት ሆነ። አስተማሪዋ፣ ምን ደረሰ?

ጦሳ ስር፦ ኮርኒሱን አስገባችው?