ስኳርና ኩላሊት፦ ወንድሙ እጥበት ለጀመረ የስኳር ታካሚ የዘረመል ምርመራ ይጠቅመዋል?

ሲስተር ት.
የስኳር ክትትል ላይ የምትሠሩ ባለሙያዎች አስተያየት ስጡኝ። ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ሁለት ወንድማማቾች አሉ እንበል። ታላቅየው ኩላሊቱ ደክሞ እጥበት ጀምሯል። ታናሽየው ስኳሩ ከታወቀ አራት ዓመት ሆኖታል፣ ክሬአቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው የጡንቻ ቆሻሻ) ደህና ነው። ይህ ታናሽ ወንድም የዘረመል ምርመራ አሠርቶ «ኤሲኢ፦ ዲዲ፣ ለኩላሊት ሕመም ከፍተኛ ተጋላጭ» የሚል ወረቀት ይዞ ቢመጣ ምን ይባላል? ሕክምናውን የሚቀይር ነገር አለው? የወንድሙ መታመምስ በራሱ ምን ያህል ይመዝናል?

ዶ/ር መ.
ሲስተር፣ ዋናው ጥያቄ የመጨረሻው ስለሆነ ከሱ ልጀምር። የወንድሙ መታመም ከወረቀቱ እጅግ የበለጠ ይመዝናል። ዓይነት 1 ስኳር ባለባቸው ወንድማማቾችና እህትማማቾች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት አለ። በቅድሚያ የተመዘገበው ታካሚ ኩላሊቱ የተጎዳ ከሆነ፣ ስኳር ካለባቸው ወንድምና እህቶቹ 83 በመቶ በሚሆኑት ላይ የኩላሊት ጉዳት ምልክት ተገኘ። ያ ታካሚ ኩላሊቱ ደህና ከሆነ ግን 17 በመቶ ላይ ብቻ። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ስለነበሩ ቁጥሩን ለታካሚ እንደ ትንበያ መንገር ልክ አይሆንም፤ ሕመሙ በቤተሰብ እንደሚሄድ ግን ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶችም አረጋግጠዋል።

ወደ ኤሲኢ፣ ማለትም የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ ኢንዛይም ወደሚሠራው ጂን ስንመጣ፣ «ዲ» የሚባለው በጂኑ ውስጥ 287 የዲኤንኤ ፊደላት የጎደሉበት ቅጂ ነው። ሁለቱም ቅጂዎቹ «ዲ» የሆኑበት ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የኢንዛይሙ መጠን ከፍ ይላል። ከኩላሊት ጉዳት ጋር ያለው ግንኙነት ግን ደካማ ነው፤ አንዱ ጥናት ያገኘውን ሌላው ያጣዋል። ዲዲ ደግሞ ጤነኛ ሰዎች ላይ በብዛት የሚገኝ ነገር ነው፤ «ከፍተኛ ተጋላጭ» ብሎ መጻፍ ሰውን ያለ ምክንያት ማስደንገጥ ነው።

የምፈራው ሌላ ነገር አለ። ወረቀቱን ያየ ሰው «አስቀድመን እንከላከል» ብሎ ይህን ኢንዛይም የሚገታውን የግፊት መድኃኒት ኢናላፕሪል ይጀምርለታል። ግፊቱ ልክ ከሆነ፣ በሽንቱም አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ካልወጣ፣ ኩላሊቱን አስቀድሞ ለመከላከል ተብሎ ኢናላፕሪልም ሆነ ሌላው የግፊት መድኃኒት ሎሳርታን አይሰጥም። አልቡሚን በርክቶ ከወጣ ግን ዲዲ ሆነም አልሆነ መድኃኒቱ ይገባዋል። ስለዚህ ወረቀቱ በየትኛውም በኩል ውሳኔ አይቀይርም።

የጂን ላብ
ዶክተር ባሉት ላይ ልጨምር። ለተለመደው የስኳር ኩላሊት ሕመም ተጠያቂ የሆነ አንድ ጂን የለም። ብዙ ጂኖች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውና ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ኮል4ኤ3 በሚባለው ጂን ላይ ኩላሊትን የሚጠብቅ ልዩነት አግኝቷል። ጂኑ የኩላሊት ማጣሪያ ስስ ሽፋን የሚሠራበትን ኮላጅን ያዘጋጃል፤ የስኳር ሕመም በመጀመሪያ ከሚያወፍራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሽፋን ነው። ልዩነቱ ያላቸው ሰዎች ሽፋናቸው ቀጠን ብሎ ተገኝቷል። በጣም የሚገርመኝ፣ ጥበቃው ጎልቶ የታየው ስኳራቸው ከፍ ብሎ በቆየ ሰዎች ላይ መሆኑ ነው፤ ውርሱና የስኳሩ መጠን ተያይዘው ነው የሚሠሩት።

አፖኤል1 የሚባለው ጂን ለብቻው መታየት አለበት። ጂ1 እና ጂ2 የሚባሉት ልዩነቶቹ ከእንቅልፍ በሽታ ተውሳክ ስለሚከላከሉ በምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ በዝተዋል። አደጋው የሚመጣው ከእናትም ከአባትም ሲወረሱ፣ ማለትም ሁለት ቅጂ ሲሆኑ ነው። የስኳር ኩላሊት ሕመምን ይጀምራሉ ለማለት ማስረጃው ደካማ ነው፤ አንዴ የተጀመረ የኩላሊት ድካም ግን ስኳር ኖረም አልኖረ በፍጥነት እንዲባባስ ያደርጋሉ።

ዶ/ር መ.
የዘረመል ምርመራ ዋጋ የሚኖረው «ይህ የተለመደው የስኳር ኩላሊት አይመስልም» ስንል ነው። ኩላሊቱ ተጎድቶ የዓይን ሬቲናው ንጹሕ ከሆነ፣ ስኳሩ በወጣትነት ጀምሮ ሰውየው ወፍራም ካልሆነ፣ በአልትራሳውንድ የውኃ ከረጢቶች ከታዩ፣ ማግኒዥየሙ ያለ ምክንያት ዝቅ ካለ መጠርጠር ነው። ከረጢትና ዝቅተኛ ማግኒዥየም አንድ ላይ ሲገኙ መጀመሪያ የሚታሰበው ኤችኤንኤፍ1ቢ የሚባለው ጂን ችግር ነው። ይህ ጂን ስኳሩንም የኩላሊቱንም ችግር ራሱ ያመጣል፤ ኩላሊቱ የተጎዳው በስኳሩ አይደለም። ግማሽ ያህሉ ታካሚዎች ላይ ለውጡ አዲስ የተፈጠረ ስለሆነ ቤተሰብ ውስጥ ታማሚ አለመኖሩ አያዘናጋ።

ስኳር ላይ የመስማት ችግር ከተጨመረ፣ በእናት በኩልም የሚሄድ ከሆነ፣ የማይቶኮንድሪያ (ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጨው፣ ከእናት የሚወረስ የራሱ ዲኤንኤ ያለው ክፍል) የዘረመል ለውጥ ይፈለጋል። እሱ ከተገኘ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት አይሰጥም፤ ላክቲክ አሲድ የመከማቸት አደጋ አለውና።

የጂን ላብ
ሁለቱም ላይ ምርመራው በቀላሉ ይስታል። የኤችኤንኤፍ1ቢ ችግር ብዙ ጊዜ የጂኑ ሙሉ በሙሉ መጥፋት ነው። ፊደል በፊደል የሚያነበው ምርመራ የቀረውን ጤነኛ ቅጂ ብቻ አንብቦ «ምንም የለም» ሊል ይችላል። መጠየቂያው ላይ የቅጂ ቁጥርም እንዲታይ ይጻፍ። የማይቶኮንድሪያው ለውጥ ደግሞ ዕድሜ ሲጨምር በደም ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ለአዋቂ ሰው የሽንት ናሙና ይሻላል።

ሲስተር ት.
በጣም አመሰግናለሁ። ታናሽየው እንግዲህ ከዚህ ምንም ምልክት የለውም እንበል። ዛሬ ምን ይደረግለት?

ዶ/ር መ.
የሽንት አልቡሚን ከክሬአቲኒን ጋር ያለው ምጣኔ ይለካ። ዓይነት 2 ላይ ስኳሩ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ፣ ዓይነት 1 ላይ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ መሠራት አለበት። የደም ክሬአቲኒን ደህና መሆኑ አያጽናና፤ ከፍ ማለት የሚጀምረው የማጣራት አቅሙ ግማሽ ገደማ ከወረደ በኋላ ሊሆን ይችላል። ተራው የሽንት ስትሪፕም ትንሹን አልቡሚን አያሳይም።

የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይበቃል፣ የ24 ሰዓት ማጠራቀም አያስፈልግም። በአንድ ግራም ክሬአቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች ደህና ነው፤ ከ300 በላይ ከባድ ነው። ውጤቱ በአንድ ሚሊሞል ክሬአቲኒን ከተጻፈ ግን ወሰኑ 3 ገደማ ስለሆነ መለኪያውን ሳያዩ አይፍረዱ። ከባድ ስፖርት ባለፉት 24 ሰዓታት፣ ትኩሳት፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የወር አበባ ወይም በጣም የናረ ስኳር ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ከተወሰዱ ሦስት ናሙናዎች ሁለቱ ከፍ ካሉ ነው ሕመም የሚባለው።

ከፍ ካለ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ይጀመራል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይስጡ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ክሬአቲኒንና ፖታሲየም ይታይ። ክሬአቲኒኑ እስከ 30 በመቶ ቢጨምር መድኃኒቱን አታቁሙ፤ ማጣሪያው ላይ ያለው ጫና ስለቀነሰ የሚመጣ ነው። የማጣራት አቅሙ (ኢጂኤፍአር) በደቂቃ 20 ሚሊሊትር እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት መድኃኒቶች ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን ይጨመርለት፤ ሲያስመልሰው ወይም መብላት ሲያቅተው ለጊዜው እንዲያቆመው አስቀድማችሁ ንገሩት። ለሕመም ማስታገሻ ብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በራሱ እየገዛ እንደሚወስድም ጠይቁት፤ ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው።