የላም ኮላር ዳታችን በአይናችን ካየነው ጋር አልገጥም አለ፣ እስኪ የሚያውቅ ይርዳኝ (ባህር ዳር)

የበረት ኢንተርን
ሰላም ለሁላችሁ። ከባህር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የግል የወተት ላም እርባታ ውስጥ ከክላስ ልጆች ጋር የተግባር ልምምድ ላይ ነን፣ ሶስት ሳምንት ነው የተሰጠን፣ አንዱ አለቀ። ስድስት የሆልስታይን ዲቃላ ላሞች አንገት ላይ ራሳችን የሰራነውን ኮላር አስረናል። ውስጡ ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ቺፕ)፣ ኤምፒዩ6050 አክስለሮሜትር (እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር)፣ ሚሞሪ ካርድና አንድ 18650 የሚባል ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ነው፣ በሰከንድ አንዴ እያነበበ ይመዘግባል። እኛ ደግሞ አራት ሆነን ተራ በተራ በረቱ ጥግ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለን በየ5 ደቂቃው ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ ተኝታለች፣ ቆማለች እያልን ወረቀት ላይ እንጽፋለን፣ ከዛ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱን ማገጣጠም ነው።

አይገጣጠምማ! ቡሬ የምንላት ላም 8:30 ላይ ተኝታ እያመሰኳች ነው ብዬ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ፣ አጠገቧ ነበርኩ፣ ግራፉ ላይ ግን 8:30 ላይ እስክስታ የምትወርድ ነው የምትመስለው። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብለን ቀየርነው፣ ያው። አንዱ ልጅ የሰዓት ነገር ነው ብሎ ኮላሩ ላይ 3 ሰዓት ሲጨምርበት ግማሹ ጥርቅም ብሎ ገጠመ፣ ግማሹ ደግሞ ጭራሽ ከበፊቱ ባሰበት። አስተባባሪያችን «ዳታውን አጽዱት» ብሎን ሄዷል፣ ምኑን ነው የማጸዳው? ባትሪውም አንድ ቀን ሳይሞላው ነው የሚያልቀው።

ሶልደር
ወንድሜ ሴንሰሩን ለጊዜው ተወውና አንድ ነገር ንገረኝ፣ አራታችሁም ሰዓት የምትጽፉት ምን አይታችሁ ነው?

የበረት ኢንተርን
እህትህ ነኝ ሃሃ። እኔና አንዷ ጓደኛዬ የእጅ ሰዓታችንን አይተን ነው፣ ያው በኛ አቆጣጠር። ሁለቱ ወንዶች ስልካቸውን እያዩ 14:30 ምናምን እያሉ... ቆይ ቆይ።

ሶልደር
ይቅርታ እህቴ። በቃ አገኘነው። ኮላሩ ሰዓቱን በስልክ ሆትስፖት ከኢንተርኔት የሚወስድ ከሆነና ኮዱ ላይ የሰዓት ልዩነቱ ዜሮ ተብሎ ከተተወ (ምሳሌ ኮድ ገልብጦ የሚሰራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚያልፈው፣ እኔም ተበልቼበታለሁ) የሚጽፈው የግሪንዊች ሰዓት ነው። ያንቺ 8:30 ስልክ ላይ 14:30፣ ኮላሩ ላይ ደግሞ 11:30 ነው። ስለዚህ የናንተ የሴቶቹ ወረቀት ከኮላሩ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል፣ የወንዶቹ 3 ሰዓት ቀድሟል፣ ልጁ 3 ሲጨምርበት የራሳቸውን አስተካክሎ የናንተን 6 ሰዓት አራቀው። ካላመንሽኝ ኮላሩ 8:30 የሚለው በኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ነው፣ ያን ሰዓት ቡሬ ምን ላይ ናት?

የበረት ኢንተርን
ውሃ!! 5 ሰዓት ተኩል ላይ ፈተን ወደ ገንዳው እናወጣቸዋለን፣ እሷ ደግሞ ሁሉንም እየገፈተረች ቀድማ ነው የምትደርሰው። ኧረ በማርያም፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሴንሰር ስንፈታ ስንገጥም።

ሶልደር
እና ለሊት አድራችሁ የጻፋችሁት ካለ ቀኑንም እዩት፣ «ማክሰኞ ለሊት 9 ሰዓት» ስንል ለኛ ገና ማክሰኞ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ረቡዕ ከገባ ሶስት ሰዓት ሆኖታል። ለረቡዕ አጥቢያ የሚለው የድሮ ሰው አነጋገር ይሻል ነበር።

ከዚህ በኋላ ኮላሩን ከማሰራችሁ በፊት ስልክ ላይ ቪዲዮ ከፍታችሁ፣ ሰከንዱ የሚታይ ሰዓት አጠገቡ አድርጋችሁ፣ ሳጥኑን ሶስቴ ጠረጴዛ ላይ ቋ ቋ ቋ አድርጉት። ግራፉ ላይ ሶስት ሹል ነገር ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ማንም ምንም ሰዓት ቢጽፍ ከዛ ተነስታችሁ ታርማላችሁ። ስትፈቱትም እንደዛው።

በሰከንድ አንዴ ማንበብ ግን አይሆንም። ላም ስታመሰኳ መንጋጋዋ የሚመላለሰው በሰከንድ አንዴ አካባቢ ነው፣ አንቺም በሰከንድ አንዴ ካነበብሽ ማኘኩን አታይውም፣ ቢያንስ በሰከንድ 10 አድርጊው። ባትሪው ዋይፋዩ ሁሌ በርቶ ስለሚውል ነው፣ ከ100 ሚሊአምፔር በላይ እየሳበ 2500 ሚሊአምፔር-ሰዓት ያለውን ባትሪ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል፣ ሰዓቱን አንዴ ከወሰደ በኋላ ዋይፋዩን አጥፉት። ሳጥኑ ደግሞ አንገቷ ላይ እየተሽከረከረ ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ ከታች በኩል ክብደት እሰሩበት፣ አለበለዚያ ጠዋት ወደ ታች የነበረው አክሲስ (ሴንሰሩ የሚለካበት አቅጣጫ) ማታ ወደ ጎን ይሆንና አንገቷን ደፍታ ትብላ ቀና ብላ ትቁም መለየት ያቅታችኋል።

አዳቃዩ
የሰዓቱን ነገር ልጁ ጨርሶታል። እኔ የምጨምረው ስለምትጽፉት ነገር ነው። በየ5 ደቂቃው አየት አድርጎ መጻፍ ማመስኳትን ከመብላት አይለይላችሁም፣ ሁለቱም አፍ ማንቀሳቀስ ነው። አንገቷን እይ። የምታመሰኳ ላም ጉሮሮ ላይ ጉብ ያለ ነገር ከታች ወደ ላይ ሽው ሲል ይታይሻል፣ ከዛ አንድ ደቂቃ ገደማ በአንድ ምት ታኝካለች፣ ትውጣለች፣ ትንሽ ሰከንድ ዝም ትላለች፣ ሌላው ይመጣል። ያቺ ዝምታ ናት ግራፉ ላይ የምትፈልጊያት፣ ስትበላ እንደዛ ያለ እረፍት የላትም። ጤነኛ ላም በቀን 7 እና 8 ሰዓት ታመሰኳለች፣ አብዛኛው ደግሞ ለሊት ተኝታ ነውና ቀን ብቻ ቁጭ ብላችሁ ከጻፋችሁ ዋናው አመለጣችሁ።

ኮርማ መፈለጓንም በኮላር እንይ ካላችሁ ላሞቹ ታስረው ነው የሚውሉት ወይስ ተፈተው? የታሰረች ላም መሄድ፣ ሌላ ላም ላይ መውጣት ስለማትችል እንቅስቃሴዋ እንደ ተፈታችው አይጨምርም፣ በዛ ቀን ማመስኳቷ ግን ይቀንሳል፣ ሁለቱን አብራችሁ እዩ። ድራት ቢበዛ 18 ሰዓት ነው፣ ብዙዋ ለሊት ጀምራ ጠዋት ላይ እያለቀላት ነው እኔን የሚደውሉልኝ፣ እንቁላሉ የሚለቀቀው ካቆመች ከ10 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት የታየችን ማታ፣ ማታ የታየችን በነጋታው ጠዋት እናዳቅላት የምንለው ለዛ ነው። የዚሁ የጣና ዳር የፎገራ ላም ላይ ደግሞ ምልክቱ አጭርና ድብቅ ነው፣ በዲቃላ ያስተማራችሁትን ፕሮግራም እዛ ወስዳችሁ ይሰራል ብላችሁ እንዳትጽፉ።

የጓሮ ወተት
ልጆቼ እኔ ከተማ ውስጥ ግቢዬ አራት ላም አለኝ። ባለፈው እንደናንተ ያሉ ተማሪዎች መጥተው አስረውልኝ ጥብቅ አድርገውት አንገቷ ተልጦ ቁስሉ እስኪድን ስንት ቀን ቅባት ስቀባ ነበር፣ ሁለት ጣት ሳይጨናነቅ መግባት አለበት፣ በየቀኑም እጃችሁን አስገብታችሁ ዳብሱት።

ሌላው ምን እንደበላች ትጽፋላችሁ? ድርቆሽ ሲወደድብኝ አተላና ፉርሽካ አበዛላቸዋለሁ፣ ያኔ ማመስኳታቸው ይቀንሳል፣ የሚታኘክ ነገር የለማ። የናንተ ማሽን ግን ታማለች ይለኝ ይሆናል።

የበረት ኢንተርን
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ የሚበሉትን ጭራሽ አልጻፍንም ነበር፣ ዛሬ አንድ ረድፍ ጨመርን። ኮላሮቹንም ዳበስናቸው፣ የአንዷ ጠብቆ ነበር፣ አላላነው።

ከሁለት ቀን በኋላ የምጽፈው ነው፣ ወረቀቱን ማን እንደጻፈው በፊርማው እየለየን አረምነው፣ ደግነቱ ፈርመን ነበር። በሰከንድ 10 ካደረግነው ወዲህ አዳቃዩ ያሏት ዝምታ ቁልጭ ብላ መጣች፣ ትናንት ለሊት ቡሬ ስር የእጅ ባትሪ ይዤ ቁጭ ብዬ ጉሮሮዋን እያየሁ ስቆጥር ነበር፣ አንዱን ጉርሻ 52 ጊዜ አኘከችው። ጥበቃው አበደች ብሎ ነው የሚያስበው።

አንድ የቀረን፣ ባትሪ ስንቀይር ሰዓቱ ይጠፋል፣ ዋይፋይ ሳያገኝ ከተነሳ ደግሞ ከ1970 ነው የሚጀምረው፣ ቡሬ በ1970 ለአራት ሰዓት ስታመሰኳ የሚያሳይ ፋይል አለኝ። ዲኤስ3231 የሚባለው የሰዓት ቺፕ ባህር ዳር ይገኛል?

ሶልደር
ሁለት አለኝ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ነኝ፣ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ብቅ በይ። በኛ 8 ሰዓት። ጠፍጣፋዋን ባትሪ ግን ራስሽ ግዢ።