የአየር ንብረት ለውጥ የኛ ጉዳይ ነው ወይስ ያበላሹት ይክፈሉ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ክርክር ይሄ ነው። ኢትዮጵያ ወደ አየር የምትለቀው በካይ ጋዝ ከዓለም ድምር 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። እኛ ወጣቶች ግን ከሰል ተዉ፣ የነዳጅ መኪና ይቅር፣ ፌስታል ይከልከል፣ ችግኝ ትከሉ እየተባልን ነው። ይህን ዋጋ መክፈል አለብን? በ2027 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት እርስ በርሳችን ብንነጋገር ጥሩ ነው። ከመጽሐፍ ያነበባችሁትን ሳይሆን በየዕለቱ የሚገጥማችሁን ጻፉልኝ።

የታክሲ ሹፌሩ፦ የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ያበላሸው ይክፈል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና መጥፎ ነው አልልም። ማደያ ላይ ተሰልፎ ከመዋል ይገላግላል። ግን ማን ይገዛዋል? እኔ የምነዳው የሰው መኪና ነው። ባለቤቱ አሮጌውን እየጠጋገነ ይኖራል እንጂ አይቀይረውም። ክፍለ ሀገር ልሂድ ብትል ደግሞ ቻርጅ የምታደርግበት ቦታ ያሳስብሃል። ሀብታሞቹ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ ሲያጨሱ ኖረው፣ ሂሳቡ እኛ ላይ ሲመጣ ልክ አይደለም።

ጠያቂዋ፦ አንድ ነገር ላስተካክል ወንድሜ። የመኪናውን ክልከላ ያመጡብን እነሱ አይደሉም። የራሳችን መንግሥት ነው የወሰነው፤ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ስለከበደው ጭምር። ዋጋው አይቀመስም ያልከው ግን እውነት ነው።

የቦረናው ልጅ፦ ፍትሕ ስትል እስማማለሁ ወንድሜ። ድርቅ ግን ጥፋተኛውን ለይቶ አይመታም። እኛ ጋ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ጋና የምንለው ዋናው የዝናብ ወቅት እና ሀጋያ የምንለው አጭሩ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ያንን ያላየ ሰው እንዲገባው ልንገራችሁ። ላም ስትከሳ መጀመሪያ ከተኛችበት መነሳት ያቅታታል። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አንዱ ቀንዷን፣ አንዱ ጅራቷን፣ ሌላው ሆዷን ደግፎ ያቆማታል። ከቆመች ትንሽ ትግጣለች። ማታ ትተኛለች፣ በነጋታው እንደገና ማንሳት ነው። የወደቁት ሲበዙ የሚያነሳ ጉልበት ያልቃል። ሰውም ርቦታላ። ገበያ ብትወስዳት የከሳ ከብት የሚገዛ የለም፤ በቆሎው ግን በየሳምንቱ ይጨምራል።

አያቶቻችን ድርቅ ያውቃሉ። ድሮ ግን በአንዱና በሌላው ድርቅ መሀል መንጋ የሚተካበት ጊዜ ይገኝ ነበር። አሁን ያ ጊዜ አጠረ። እኩዮቼ ያቤሎና ሞያሌ ገብተው የቀን ሥራ ላይ ናቸው። እኛ ዋጋውን እንክፈል አንክፈል ብለን የምንከራከርበት ደረጃ አልፎናል፤ ከብታችንን ከፍለናል።

የሰንበት ተማሪዋ፦ እግዜር ያጽናችሁ። እኛ ሰፈር ትልልቆቹን ስለ ዝናብ ብትጠይቁ፣ «የፈጣሪ ቁጣ ነው፣ ኃጢአታችን በዛ» ነው መልሳቸው። እኔ በዚህ አልስቅም፤ ጸሎትም አልተውም። ግን ደቡብ ጎንደር ሂዱና እዩ። ዙሪያው ሁሉ የታረሰ መሬት ሆኖ ደን የቀረው በአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ነው። የሚጸልዩትም ካህናት ዛፍ አላስቆርጥም ብለው ጠብቀውታል። እምነት ያለው ሰው አያገባኝም ማለት አይችልም።

ቡና አፍልታ የምትሸጠው፦ ከሰል ተዉ ሲባል ቀጥታ የሚነካው እኔን ነው። መንገድ ዳር ነው የምሠራው። ጎኔ ቆጣሪ የለም። ከአጠገቤ ካለው ሱቅ በገመድ ሳብኩና የኤሌክትሪክ ምድጃ ሞከርኩ። መብራት ሲሄድ ጀበናው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ደንበኛ ደግሞ አይጠብቅም፣ ተነስቶ ይሄዳል። ባለ ሱቁም ቆጣሪው ፈጠነብኝ አለ። ተመልሼ ከሰል ገዛሁ። ከሰሉን ወድጄው አይደለም። ዓይኔ ያቃጥለኛል። ክረምት ላይ እርጥብ ይመጣና ግማሹ ጭስ ይሆናል፤ የጆንያው ዋጋ ግን አይቀንስም። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አልቅሻለሁ። ቦንድም ገዝቻለሁ። አሁን የምፈልገው መብራቱ እኔ ምድጃ ድረስ እንዲመጣ ነው። ያኔ ማንም ሳይነግረኝ ከሰሉን እተወዋለሁ።

የደን ተማሪው፦ እህቴ ያለችው ላይ ልጨምር። ከሰል በአፈር ተዳፍኖ ሲከሰል ከእንጨቱ አብዛኛው ክብደት በጭስና በእንፋሎት ይጠፋል። ለአንድ ጆንያ ብዙ ግራር ይወድቃል። ስለዚህ ጉዳቱ እውነት ነው። ሆኖም ሻጩንና ገዢውን ብቻ ብትቀጣ፣ ምትክ እስከሌለ ድረስ ዋጋው ይንራል እንጂ ቆረጣው አይቆምም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ችግኙ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ እንወጣለን፤ እኔም እወጣለሁ። ደስ ይላል፣ ሕዝብ ይነቃቃል። ግን ስንተክል እዩን። ጉድጓዱ ጥልቀት የለውም። ላስቲኩን ሳያወልቅ የሚቀብር ሞልቷል፤ ሥሩ እዚያው ውስጥ ይጠመጠምና ይታነቃል። ፎቶ ተነስተን እንሄዳለን። መስከረም ላይ አረሙ ይውጠዋል። ታኅሣሥ ላይ እህል ሲሰበሰብ ከብት ልቅ ይለቀቃል። ከዚያ በጋው አለ። ችግኝ የሚሞተው በእነዚህ ወራት ነው፤ እኛ ግን በነዚህ ወራት ስለ ችግኝ አናወራም። ክረምት ላይ ከምናወጣው ጉልበት ግማሹ ወደ በጋ ቢዛወር፣ ለአጥርና ለጥበቃ፣ ብዙ ይተርፍ ነበር።

አንዳንዴ ጭራሽ መትከል አያስፈልግም። ወላይታ ውስጥ ሁምቦን ተመልከቱ። ገበሬዎቹ የተራቆተውን ተራራ ከግጦሽ ከለሉ። መሬት ውስጥ የቀረው ጉቶ አቆጠቆጠ፣ ቅርንጫፉን እየመለመሉ አሳደጉት። ከ2,700 ሄክታር በላይ መሬት በዚህ መንገድ አገገመ። ዛፉ ከአየር ለሳበው ካርቦን ከውጭ የሚከፈል ገንዘብም፣ የካርቦን ሽያጭ የሚባለውን፣ አገኙበት።

የታክሲ ሹፌሩ፦ እሱን ነው የምለው! ገንዘቡ ከውጭ መጣ አይደል? ያበላሸው ሲከፍል ሥራ ይሠራል ማለት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ግብጽ፣ ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተካሄደው ጉባኤ አገሮቹ የአየር ንብረት ለውጥ ላደረሰው ጉዳት ፈንድ እናቋቁማለን ብለው ተስማምተዋል። አዲስ አበባ ሲመጡ በደንብ እንጠይቃቸው።

የደን ተማሪው፦ እንጠይቃቸው፣ አብሬህ ነኝ። ግን ካርቦኑ የተሸጠው ተራራው ስለተከለለ ነው። ገንዘብ እስኪመጣ ፍየል እየለቀቅን ብንጠብቅ የምንሸጠው የለንም።

ከጎፋ፦ ልጨምር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. እኛ ዞን ከባድ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ተናደ። ሊያድኑ የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አጣን። ቁልቁለት ላይ የሚኖር ወጣት መሬት ሲሰነጠቅ ማንን እንደሚጠራ፣ ወዴት እንደሚሸሽ ማወቅ አለበት። ይህን ለማስተማር ጉባኤ መጠበቅ የለብንም።

ቡና አፍልታ የምትሸጠው፦ ገንዘቡ ከመጣም ብድር ሆኖ አይምጣ። ነገ ልጆቼ የሚከፍሉት ዕዳ ከሆነ ካሳ አይባልም።

ጠያቂዋ፦ የቦረናው ወንድማችን፣ የጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ገብተህ አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብትባል ምን ትላለህ?

የቦረናው ልጅ፦ ስለ ከብት ገበያ ነው የምናገረው። ባለሙያዎች ወቅቱ ሊከፋ እንደሚችል ቀድመው ይተነብያሉ። መረጃው በሬዲዮ፣ በኦሮምኛ፣ ሰው ከመሰደዱ በፊት ይድረሰን። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከብቱን ሥጋ እያለው በደህና ዋጋ የሚገዛን ይኑር። አባቴ ከመንጋው ግማሹን ያኔ ቢሸጥ ለቀሪው ግማሽ መኖና ውሃ ይገዛ ነበር። የእርዳታ ስንዴ የመጣልን ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው።